በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት ሴንቲ

የጉርድ ቀሚሷ መንጠቆ ጠቅ ብሎ ገባ። ልጅቷ ትንፋሿን አልያዘችም፤ እንደ ወትሮውም አልጋ ላይ በጀርባዋ ተንጋልላ ከዚፑ ጋር አልታገለችም። ቆማ፣ እንደ ልቧ እየተነፈሰች፣ በአንድ እጇ ነው የቆለፈችው። እንዲያውም በወገቧና በጨርቁ መሀል ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተርፏል።

«እማ፣ ነይ እዪው። ሰፋኝ።»

እናቷ በፊተኛው ክፍል የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ነበር። የመኪናው ድምፅ ቆመ።

«እሰይ» አለች ከበሩ ማዶ። «እሰይ የኔ ልጅ።»

መኪናው ከመቆሙና «እሰይ» ከመባሉ መሀል ትንሽ ዝምታ ነበረች። ልጅቷ ግን በዚያች ሰዓት ዝምታ የምታዳምጥበት ጆሮ አልነበራትም። መስታወቱ ፊት ወደ ግራ ዞረች፣ ወደ ቀኝ ዞረች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቅቤ ያልነካችው፣ ዳቦ ባየች ቁጥር ምራቋን የዋጠችው በከንቱ አልነበረም ማለት ነው።

ይህችን ልጅ እናቷ ከጨቅላነቷ ጀምራ «ድንቡሼ» ብላ ነው ያሳደገቻት። ያኔ ጉንጯ እንደ ሊጥ ጣት ሲነካው ጎድጎድ ይል ነበር። ስሙ አብሯት አደገ፤ ጎረቤቱም፣ አባቷም፣ ለስፌት የሚመጡት ደንበኞችም ያንኑ ይሏታል። ከሦስት ሳምንት በፊት ግን አሥራ አራት ዓመቷን የያዘችው ባለ ስም ስሙን በአዋጅ ከለከለች። እናቷም ያለ ክርክር ተቀበለች። እኛም የባለቤቷን ፈቃድ አክብረን ልጅቷ እያልን እንቀጥል።

ነገሩ የጀመረው በጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው።

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። የቤታቸው የፊተኛው ክፍል ሱቋ ነው፤ ከስፌት መኪናው፣ ከካውያው ጠረጴዛና ጥግ ላይ ከቆመው ረጅም መስታወት በቀር ብዙ ዕቃ የለበትም። በዚያ ክፍል ውስጥ አንድ የማይጣስ ሕግ አለ። ልኬት ጮክ ተብሎ አይነገርም። እናቷ ሜትሩን በሰው ወገብ ላይ ታዞራለች፣ ቁጥሩን በዐይኗ ታነባለች፣ ሰማያዊ ልባስ ባለው ወፍራም ደብተሯ ላይ በግራ እጇ ከልላ ትጽፋለች። «ስንት ሆንኩ?» ብሎ ለጠየቃት ሁሉ መልሷ አንድ ነው፦ «ልብስሽ ልክሽ ይሆናል።»

«ልኬት የሰው ገመና ነው» ትላታለች ለልጇ። «ገመና ደግሞ በአደባባይ አይነበብም።»

ትምህርት ቤቱ ለዓመቱ መዝጊያ ቀን የሚዘምሩትን የአሥራ ሁለት ሴት ልጆች ቀሚስ እንድትሰፋ ለእናቷ የሰጣት በዚህ ዓመት ነው። ሆኖም ልኬት በሚወሰድበት ሳምንት እናቷ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ቆሽቷን አሟት ሃያ ቀን ከረመች። የሙዚቃ መምህርቷ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ችኩል ናት እንጂ። አንድ ሜትር ይዛ ክፍል ገባችና ልጆቹን በየተራ አቁማ ትለካ፣ ቁጥሩን ትጣራ ጀመር። ጽሕፈቷ የሚያምር አንዲት ልጅ ደግሞ በሰሌዳው ላይ በረድፍ ትጽፋለች። ደረት፣ ወገብ፣ ቁመት።

የልጅቷ የቅርብ ጓደኛ፣ በቁመቷ ምክንያት ቀጭኔ የሚሏት፣ ወገቧ ስልሳ ወጣ። ልጅቷ ሰማንያ ስድስት። በአሥራ ሁለቱ ረድፍ ውስጥ እሷን የሚጠጋት ቁጥር አልነበረም።

«የክፍሉንም በር ለኩትና እናወዳድር» አለ ከኋላ ወንበር አንዱ።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ልጅቷም ከአንገቷ በላይ ሳቀች፤ ሌላ ምን ታድርግ? ሰሌዳው ግን እስከ ትምህርት መጨረሻ አልጠፋም። የሒሳብ መምህሩ እንኳ ገብቶ በቀረችው ግማሽ ሰሌዳ ላይ ቀመሩን ጽፎ ወጣ። ልጅቷ ያን ቀን የተማረችው ሒሳብ ቢኖር ሰማንያ ስድስት ሲቀነስ ስልሳ ስንት እንደሆነ ብቻ ነው።

እናቷ ከሆስፒታል ስትመለስ ሌላ ሰው መስላ ተመለሰች። የደረት አጥንቷ ታየ፣ አገጯ ሾለ። ደንበኞቿም «አምሮብሽ የለም እንዴ፣ ምን በልተሽ ነው እንዲህ ሸንቀጥ ያልሽው?» ይሏታል። እናቷ ትስቃለች። «ሃያ ቀን ሆስፒታል ተኚ፣ ታገኚዋለሽ» ትላለች። ቀጭኔም አንድ ቀን አብራት ቤት መጥታ ስትወጣ በሹክሹክታ «እናትሽ እኮ ሞዴል መሰሉ። የሚበሉትን አንቺም ለምን አትበዪም?» አለቻት።

ቀጭኔ ይህን ያለችው ለክፋት አልነበረም። ነገሩ ግን የልጅቷ ልብ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።

የወጥ ቤቱ ቁም ሳጥን በር ላይ ሐኪሙ የሰጠው ወረቀት በፕላስተር ተለጥፏል። «ቅባት የሌለው፣ ፕሮቲን የበዛበት ምግብ» ይላል ከላይ። ሥሩ ዝርዝር አለ፦ የእንቁላል ነጭ፣ ቆዳው የተገፈፈ የዶሮ ደረት፣ ዓሣ፣ ቅባቱ የወጣለት ወተት፣ ምስር። የተከለከለው ደግሞ ቅቤ፣ ጥብሳ ጥብስ፣ የእንቁላል አስኳል። የወረቀቱ የታችኛው ጠርዝ እንደ ቀሚስ ጫፍ ወደ ኋላ ታጥፏል። ልጅቷ የታጠፈውን አላየችም፤ የታየውን ቃል በቃል ደብተሯ ላይ ገለበጠች።

«ከዛሬ ጀምሮ ያንቺን ነው የምበላው» አለች በማግስቱ ጠዋት።

«የኔን?»

«ቅባት የሌለውን። ዳቦ አልፈልግም፣ ቅቤ አልፈልግም፣ የተጠበሰ ድንችም አልፈልግም።»

«አንቺ እኮ ገና እያደግሽ ነው።»

«ወደ ጎን ነው የማድገው።»

እናቷ ልትስቅ ብላ የልጇን ፊት አየችና ተወችው። «መምህርቷ የልኬቱን ወረቀት ልካልኛለች» አለች ቀስ ብላ። «በሰሌዳ ላይ እንደተጻፈም ሰምቻለሁ። እኔ ብኖር አይሆንም ነበር።»

«አልነበርሽም» አለች ልጅቷ። ለመውቀስ አልነበረም፣ ግን እንደ ወቀሳ ወጣ። «ደግሞ ሁለተኛ ድንቡሼ እንዳትዪኝ።»

«እሺ» አለች እናቷ። ከዚያም «አብረን እንበላለን። ብቻዬን ስበላውማ ጣዕሙም አይጥመኝም» አለቻት።

አባቷ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር ነው። በአራት ቀን አንዴ ነው ቤት የሚገባው፤ ሲመጣም ለሚስቱ አንድ ትሪ እንቁላልና የዶሮ ደረት ይዞ ይመጣል። የመጀመሪያውን ሳምንት እናትና ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጠው አብረው በሉ። በሁለተኛው ሳምንት ልጅቷ ስትነሳ የአንድ ሰው ሳህን ብቻ ተዘጋጅቶ ትጠብቃት ጀመር። «እኔ ቀድሜ በላሁ» ትላታለች እናቷ ከስፌት መኪናው ኋላ። ልጅቷ እንቁላል ትሰብራለች፣ ነጩን ትለያለች፣ አስኳሉን ለጎረቤት ድመት ትሰጣለች። ድመቷ ሰሞኑን ወፍራለች። በዚያ ግቢ ውስጥ ሰውነት የጨመረችው እሷ ብቻ ነበረች።

ሲርባት ውሃ ትጠጣለች። መዝሙር ሲለማመዱ ዐይኗ ላይ ብልጭ ድርግም ይልባታል፤ ለማንም አትናገርም። እናቷ ደግሞ ከአረንጓዴዎቹ የመዝሙር ቀሚሶች ጋር ትታገላለች። አሥር ደቂቃ ትሰፋለች፣ ከዚያ ግንባሯን መኪናው ላይ ታስደግፋለች። «ዐይኔን ላሳርፍ ብዬ ነው» ትላለች ልጅቷ ካየቻት። ልጅቷም አምና ወደ መስታወቷ ትመለሳለች።

ያቺ ሁለት ጣት የምታስገባ ክፍተት የተገኘችው ዓርብ ጠዋት ነው። ጉርዱ ኀሙስ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ወንበር ላይ ተሰቅሎ ነበር። ልጅቷ ያን ቀን ትምህርት ቤት የገባችው እየተንሳፈፈች ነው ማለት ይቻላል። የወንበር ምስማር የጉርዱን ጫፍ ሲቀድባት እንኳ አልከፋትም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እናቷ ጋደም እንዳለች ልጅቷ ቀዳዳውን ራሷ ልትጠቅመው ጉርዱን ይዛ በር ላይ ተቀመጠች። መርፌው ላይ ክር አስገብታ ጨርቁን ወደ ብርሃን ስታዞረው እጇ ቆመ።

ጉርዱ ሁለት ዓመት ፀሐይ የጠጣ ሰማያዊ ነው። በጎኑ ስፌት ላይ ግን፣ መስታወት በማያሳየው ክንድ በሚከልለው በኩል፣ ከላይ እስከ ታች ጠቆር ያለ መስመር ወርዷል። ፀሐይ አይቶ የማያውቅ፣ ገና ከሱቅ የወጣ የሚመስል ሰማያዊ። ከመስመሩ ዳር ዳር የመርፌ ቀዳዳዎች በረድፍ ይታያሉ። ሌላውን ጎን አዞረች። እዚያም ያው ነው።

የሌላ ሰው ልጅ ብትሆን ጨርቁ ነው የለቀቀው ብላ ታልፈው ነበር። የልብስ ሰፊ ልጅ ግን ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ታውቃለች፤ አሮጌ ስፌት ተተርትሮ ሲሰፋ ውስጥ ተደብቆ የኖረው ጨርቅ ወደ ውጭ ይወጣል። እሷ አልከሳችም። ቀሚሱ ነው የሰፋው።

ደሟ ፈላ። «ታሞኘኛለች» ብላ አሰበች፤ እናቷ መሆኗን ለአፍታ ረስታ። ተነስታ ከስፌት መኪናው መሳቢያ ሰማያዊውን ደብተር አወጣች። የራሷን እውነተኛ ቁጥር ማየት ፈለገች፤ ካልተዋሸች ስንት እንደሆነች።

በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ «የቤት» የሚል ርዕስ አለ። የሦስቱም ልኬት እዚያው ነው፤ የአባት፣ የልጅ፣ የእናት። እናቷ ልጇን በዐይኗ ነው የምትለካት፣ ዐይኗም ከሜትር አይሳሳትም። በልጅቷ ረድፍ ላይ ሰማንያ ስድስት፣ ሰማንያ ስድስት፣ ሰማንያ አምስት ይላል። የሦስት ሳምንት ረሃብ አንዲት ሴንቲ። ከሥሩ ደግሞ እናቷ የኀሙስን ቀን ጽፋ «ጉርድ፤ በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት ሴንቲ ተለቀቀ» ብላለች። ልብስ ሰፊ ልጇን ልታታልል ትችላለች፤ የነካችውን ስፌት ሳትመዘግብ ማለፍ ግን አትችልም።

ልጅቷ ደብተሩን ልትዘጋ ስትል ዐይኗ ወደ ታችኛው ረድፍ ወረደ። የእናቷ ነው። ባለፈው ዓመት ወገብ ሰማንያ አራት። ከሆስፒታል የወጣች ቀን ሰባ አምስት። በሳምንቱ ሰባ ሦስት። ከዚያ ሰባ። ትናንት ስልሳ ስምንት። ከመጨረሻዎቹ ሦስት ቁጥሮች ጎን ደግሞ በዚያው ሥርዓት ያለው ጽሕፈት፦ «ቀሚስ ተያዘ። ቀሚስ ተያዘ። ቀሚስ ተያዘ።»

ልብስ ሰፊ «ተያዘ» ሲል ጠበበ ማለቱ ነው። ቤታቸው ሚዛን የለም። እናቷ ሕመሟን የምትመዝነው በሜትር ነበር።

ልጅቷ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። የሐኪሙን ወረቀት የታጠፈ ጫፍ በጥፍሯ ገለበጠችው። «የታካሚዋን ክብደት ለመጨመር የታዘዘ» ይላል። «በየሁለት ሳምንቱ ለክትትል ትምጣ። ክብደቷ ከቀነሰ ቀጠሮ ሳትጠብቅ፣ ሳይውል ሳያድር ትመለስ።» የቀጠሮው ቀን ካለፈ ሳምንት ሆኖታል።

ክብደት ለመጨመር። ልጅቷ ባዶውን የእንቁላል ትሪ አየችው። ያ ሁሉ እንቁላል፣ ያ ሁሉ የዶሮ ደረት በማን ሆድ እንደገባ ለማወቅ ሰሌዳ አላስፈለጋትም።

እናቷ በጎኗ ተኝታ፣ ጉልበቷን ወደ ሆዷ ሰብስባ አገኘቻት። አልተኛችም ነበር።

«እማ፣ ዛሬ ጠዋት ምን በላሽ?»

«እንቁላል ነዋ።»

«አራት ነበር የቀረው። አራቱንም የሰበርኩት እኔ ነኝ።»

እናቷ ግድግዳውን አየች። «ሻይ ጠጥቻለሁ» አለች።

«ለምን ዋሸሽኝ?»

«ሌላውን ሁሉ ገፋሽው» አለች እናቷ። «ዳቦውን ገፋሽ፣ ድንቹን ገፋሽ። የምትቀምሽው ያው እሱን ብቻ ሆነ። እሱንም ተካፍለን አንቺ በረሃብ ትምህርት ቤት ልትሄጂ ነው? እኔ እንደሆን ከበላሁ በኋላ ያመኛል። አንቺ ስትበዪ ሳይሽ ግን አያመኝም።»

«ጉርዱስ?»

«ጠዋት ጠዋት አልጋው ሲንቋቋ እሰማለሁ እኮ። ከዚያ ደግሞ ለቅሶሽን።» እናቷ ቀና ለማለት ሞከረችና ተወችው። «ልብስ ሰፊ ሆኜ ልጄን ልብስ ሲያስለቅሳት ዝም ብዬ ልይ?»

ልጅቷ ንዴቷ የት እንደገባ አላወቀችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ቀጠሮሽ አልፏል።»

«ቀሚሶቹ ይለቁና እሄዳለሁ። የአሥራ ሁለት ልጆች ነገር ነው።»

«አባዬ ያውቃል?»

«አያውቅም፤ እንዳትነግሪው።» የእናቷ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠንከር አለ። «አባትሽ ሃምሳ ሰው ጭኖ ነው የሚነዳው። ልቡ እዚህ፣ እጁ መሪ ላይ እንዲሆን አልፈልግም። ደግሞ ያየሽው ልኬት ነው። ልኬት ምንድን ነው ብዬሻለሁ?»

«ገመና» አለች ልጅቷ።

«ገመና ነው» አለች እናቷም፤ ዐይኗን ጨፈነች።

እሑድ ጠዋት ልጅቷ የድመቷ ባለቤት ዘንድ ሄዳ ሁለት እንቁላል ለምና መጣች። ነጩን ለይታ ቀቅላ፣ ሳህኑን እናቷ ፊት አስቀምጣ፣ ራሷ ደግሞ ከሦስት ሳምንት በኋላ ዳቦዋን ቅቤ ቀብታ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። ይህን ካደረገች ሁሉም ነገር ወደ ቦታው የሚመለስ መስሏት ነበር። እናቷ ልጇን ላለማሳዘን አንድ ጎረሰች፣ ሁለት ጎረሰች። ሦስተኛው ላይ ሹካውን አስቀመጠችና እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አለች። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ አለ። ልጅቷ ያን ጊዜ ነው የገባት፤ ነገሩ የእንቁላል ብቻ አልነበረም። የያዘችውን ዳቦ አስቀምጣ የእናቷን ግንባር ጠረገች።

ረፋዱ ላይ ቀጭኔ ቀሚሷን ልትሞክር መጣች። እናቷ መነሳት ስላልቻለች ሜትሩን አንገቷ ላይ ያደረገችው ልጅቷ ናት። ቀጭኔን መስታወቱ ፊት አቁማ ወገቧን፣ ትከሻዋን፣ ርዝመቷን ለካች፤ በግራ እጇ ከልላ ጻፈች።

«ስንት ሆንኩ?» አለች ቀጭኔ አንገቷን አስግጋ።

«ልብስሽ ልክሽ ይሆናል።»

ቀጭኔ ሳቀች። «እንደ እትዬ ሆንሽ አንቺ ደግሞ። የት ናቸው ግን? ባለፈው ሳያቸው እንዴት አሪፍ ሆነው…»

«አሟት ነው የከሳችው» አለች ልጅቷ። ቃሉን ጮክ ብላ ስትናገረው የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር።

ቀጭኔ በመስታወቱ ውስጥ አየቻት። «አላወቅኩም ነበር» አለች። «ሞዴል ምናምን እያልኩ…»

«እኔም አላወቅኩም ነበር። አብሬያት እየኖርኩ።»

ቀጭኔ ልብሷን ቀይራ ስትወጣ ልጅቷን እቅፍ አደረገቻት። ቁመቷ ስለማይመች ሁልጊዜ ጎንበስ ብላ ነው የምታቅፈው።

አባቷ አሥር ሰዓት ላይ ገባ፤ በአንድ እጁ በሲባጎ የታሰረ የእንቁላል ትሪ፣ በሌላው የዶሮ ደረት የያዘ ፌስታል አንጠልጥሏል። እናቷ የመምጫው ሰዓት ሲቀርብ ተነስታ፣ ፀጉሯን አስተካክላ፣ ሁለት ሹራብ ደርባ ፊተኛው ክፍል ተቀምጣ ነበር።

«በረደሽ እንዴ?» አላት።

«ትንሽ» አለችው።

ጫማውን ፈታ፣ እግሩን ዘረጋ፣ ልጅቷ ያቀረበችለትን ሻይ ያዘ። እንደ ልማዱ የመንገዱን ወሬ ጀመረ። አንድ የሥራ ባልደረባው አውቶቡሱ ፍሬን ሲይዝ የሚያሰማውን ድምፅ ከጋራዥ ሰዎች ደብቆ ሲነዳ ከርሞ፣ ባለፈው ሳምንት ቁልቁለት ላይ በስንት መከራ ነው ያቆመው። «ሰው አልተጎዳም እንጂ» አለ አባቷ። «ጠየቅኩት፤ ለምን አልተናገርክም? ከመንገድ እንዳያስቀሩኝ ብዬ ነው ይለኛል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ ወዳጄ፣ አልኩት።»

እናቷ ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ በሳል ተቆረጠ። አባቷ «ነገ ጎህ ሲቀድ ወጪ ነኝ» አለ። ነገ ከወጣ ደግሞ እስከ አራት ቀን አይመለስም። ልጅቷ አራት ቀንን በሴንቲ ለማስላት ሞከረችና ፈራች።

እናቷ አየቻት። ልጅቷ ምን እያሰበች እንደሆነ እናቷ አወቀች፣ እናቷ እንዳወቀችም ልጅቷ አወቀች። ልጅቷ ከተቀመጠችበት ተነሳች፣ የስፌት መኪናውን መሳቢያ ሳበች፣ ሰማያዊውን ደብተር አወጣች።

«ልጄ» አለች እናቷ። ሌላ አልጨመረችም። ልመናም ትእዛዝም ነበረበት።

ልጅቷ ሰሌዳው ትዝ አላት። የቾኩ ድምፅ፣ የመምህርቷ ጥሪ፣ የኋላ ወንበር ሳቅ። ቁጥር ጮክ ብሎ ሲነበብ ሰውን ምን እንደሚያደርግ በዚያ ቤት ውስጥ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። እናቷን ያን ነገር ልታደርጋት ነው። «የቤት» የሚለውን ገጽ ገለጠች።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ላንብብልህ።»

«ምንድን ነው እሱ?»

መጀመሪያ የራሷን አነበበች። «ወገብ። ሰማንያ ስድስት። ይሄ የኔ ነው።» «በሁለተኛው ሳምንት ሰማንያ ስድስት። በሦስተኛው ሰማንያ አምስት። የእማን ምግብ እየበላሁ።»

ማንም አልሳቀም። አባቷ ሻዩን ወለሉ ላይ አስቀመጠ፤ አንዴ ልጁን፣ አንዴ ሚስቱን አየ። የልጅቷ ጣት ወደ ታችኛው ረድፍ ወርዶ እዚያው ቆመ። ቀና ብላ እናቷን አየቻት። እናቷ የላይኛውን ሹራብ ጫፍ ጎተት ጎተት አደረገች፣ ወደ ወገቧ ሰበሰበችው፣ ከዚያ ለቀቀችው። ዐይኗ እንባ ሞልቶ ነበር፤ ቁጣ ግን አልነበረበትም።

«አንብቢው» አለች። «አንብቢው፣ ድንቡሼ።»

ድንቡሼ ከላይ ጀመረች። «ሰማንያ አራት» አለች። «ሰባ አምስት። ሰባ ሦስት።» በየቁጥሩ መሀል ቀኑን ታነባለች፣ ቀጥላም ቀሚስ ተያዘ የሚለውን። ሰባ ላይ ስትደርስ አባቷ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር መልሶ ማሰር ጀምሮ ነበር።